አሮጌ ቤት ለአዲስ ሥራ ስታዘጋጁ እነዚህን ተጠንቀቁ

ጅማ ውስጥ አሮጌ ቤት አድሶ ካፌ ወይም የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርግ የተነሳ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። ሰው የሌለበት ቤት ቶሎ ይፈርሳል። ሐረር ያለው የራስ ተፈሪ ቤት ሙዚየም ሆኖ ቆሟል። አዲስ አበባ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ ይመላለስበታል። ግን ባለማወቅ የምናበላሸው ብዙ ነው።

የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። የአክስቴን ቤት ካፌ ልናደርግ ስንነሳ ግንበኛው «በሲሚንቶ ይጠንክር» አለን፤ እሺ አልን። መጀመሪያ አማረ። በሁለተኛው ክረምት ልስኑ ሆዱ ተነፋ። በጣቴ ሳንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠ። ሲነሳ ጭዱ ጠቁሯል፣ ማገሩም በእጅ ይፈረፈራል። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ግን መውጫውን ይዘጋበታል። የጅማ ዝናብ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። የተሻለው በጭድ በደንብ የቦካ ጭቃ መርጎ፣ ሲደርቅ ኖራ መቀባት ነው። ኖራ ያስተነፍሳል።

ቤቱን ሳያውቁ ሥራውን መወሰን። ምግብ ቤት ውሃ፣ እንፋሎትና ቅባት አለው። የእንጨት ወለልና የጭቃ ግድግዳ ይህን አይችሉም። ድሮም እኮ ማድ ቤት ጓሮ ነበር! ዋናውን ቤት ለመቀመጫ ትታችሁ ማብሰያውንና መጸዳጃውን ከኋላ ለብቻ ሥሩ።

በረንዳውን መዝጋት። ቦታ ለማስፋት ብለው በረንዳውን በመስታወት የሚዘጉ፣ የጣራውን ክፈፍም የሚያሳጥሩ አሉ። ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በረንዳ እዩት። በረንዳ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ዝናቡን ከግድግዳው የሚያርቀው እሱ ነው።

ፈቃድን መጨረሻ ላይ ማሰብ። ቤቱ ቅርስ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለጥገናም አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ምስማር ከመንቀላችሁ በፊት ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጎራ በሉ።

የተነቀለውን መጣል። እያንዳንዱን በርና መስኮት ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፣ በጠመኔ ቁጥር ጻፉበት፣ ደረቅ ቦታ ላይ አስቀምጡት። የአክስቴ የዋንዛ መዝጊያዎች ለማገዶ ነው የሄዱት። እንደዚያ ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ፈልጌ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።