የክረምት ካምፕ ስታዘጋጁ ከመስከረም ተነሱ

ክረምት ሲገባ ያው ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡ ልጆቹን ቤት አስቀምጧቸዋል፣ ስልክ ከእጃቸው አይወርድም፣ ወላጅ ደግሞ ግራ ገብቶታል። ያኔ ከወጣት ክፍሉ አንዱ ተነስቶ "ለምን ካምፕ አንወስዳቸውም?" ይላል። ደግ ብሏል። እኔም ብቻዬን መጸለይ የጀመርኩት ዘጠነኛ ክፍልን የጨረስኩ ክረምት፣ አንድ ካምፕ ላይ ነው። የሚገርመው ግን ከሰባኪው ስብከት አንድ ቃል እንኳ አላስታውስም። የማስታውሰው የቡድን መሪያችን በየጠዋቱ ጋቢውን ተከናንቦ በረንዳ ላይ መጽሐፍ ቅዱሱን ሲያነብ ነው። ለማንም ብሎ አልነበረም። ሽንት ቤት ልሄድ ስነሳ ነው ያየሁት።

ከዓመታት በኋላ እኔው አዘጋጅ ስሆን ይህን ሁሉ ረሳሁት። ብሩንም ጉልበቱንም በሳውንድ ሲስተምና በእንግዳ ሰባኪ ላይ ጨረስነው። የመጨረሻው ሌሊት እንባ በእንባ ሆነ፣ እኛም "እሳት ወረደ" ብለን ተመለስን። ጥቅምት ላይ ካለቀሱት ልጆች ብዙዎቹን ፈልገን አጣናቸው። ከታች የምጽፈው በዚያ ውድቀት የተማርኩት ነው፤ በተለይ በቤተ ክርስቲያን ታዳጊዎችን ለምታገለግሉ።

መጀመሪያ ቦታ አትፈልጉ፣ ሰባኪም አትጥሩ። ወረቀት አውጡና የሚሄዱትን ልጆች ስም ጻፉ፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ደግሞ "መስከረም ላይ ይህን ልጅ ማን ይደውልለታል?" ለሚለው መልስ የሚሆን አንድ ሰው ጻፉ። ለሠላሳ ልጅ ሰው ካገኛችሁ ሠላሳ ልጅ ውሰዱ። ስልሳ ተመዝግቦ ሰው ያላችሁ ለሠላሳው ብቻ ከሆነ ግማሹን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት። ወላጅ ይቆጣል፣ አውቃለሁ። ይቆጣ።

የአሜሪካ ካምፖች ማኅበር መመዘኛ ለሚያድሩ ልጆች፣ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ለ8 ልጅ አንድ አዋቂ፣ ከ15 እስከ 18 ላሉት ለ10 አንድ ይላል። ይህ ለደኅንነት የወጣ ቁጥር ነው። ለእምነት ከሆነ የኔ ምክር ከስድስት ወይም ከሰባት አትለፉ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆኑ ዝም የሚለው ልጅ ዝም እንዳለ ካምፑ ያልቃል። መሪ ስትመርጡ ጊታር የሚችለውን ወይም ቀልድ አዋቂውን አታስቀድሙ። በሰዓቱ የሚመጣውን፣ ልጅ ሲያወራ ስልኩን የማይነካውን፣ ከተቻለም እዚያው ሰፈር የሚኖረውን ምረጡ። ካምፑ ሲያልቅ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ መሪ የጀመረውን ነገር ማን ይጨርስለታል?

ቦታው ላይ ብዙ አልቆይም። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ዙሪያ ድንኳን መትከል ራስን መቅጣት ነው፤ ጣሪያ ያለው ነገር ፈልጉ። ቢሾፍቱ ቅርብ ነው፣ ላንጋኖ ደግሞ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ቢርቅም ወደ ስምጥ ሸለቆ ስለሚወርድ ሞቅ ይላል። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው፣ ዳሩ ላይ ጥልቀት የሌለው መስሎ ወዲያው ገደል ይሆናል፤ ጠባቂ ከሌለ ማንም ውኃ ውስጥ አይግባ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና መቼ እንደሚውል አጣሩ። ለአዳራሽ ቀብድ ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። (ለምን እንደምል አትጠይቁኝ።)

አንድ የማይነገር ነገር ልናገር። ልጆች ጓደኛ ይዘው ይመጣሉ፣ ጓደኛው ደግሞ ከኦርቶዶክስ ቤት ሊሆን ይችላል። ለወላጆቹ ካምፑ የማን እንደሆነና ምን እንደሚሰበክበት ቁልጭ አድርጋችሁ ንገሯቸው። "ስፖርትና መዝናኛ ነው" ብሎ የሰው ልጅ መውሰድ ማታለል ነው፣ በማታለል የተጀመረ ወንጌል ደግሞ ኋላ ላይ ያንን ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ያጣላዋል። ቀኑ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው ፍልሰታ ላይ ከዋለ የጾም ምግብ በወግ ይዘጋጅ፣ ልጁ እየተሽኮረመመ የሚጠይቀው ነገር አይሁን። ሽሮ ለሁሉም ብትሠሩስ? ማንም አይሞትም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ቀኑ አከፋፈል እንምጣ። ከቁርስ በፊት ሠላሳ ደቂቃ የጽሞና ጊዜ ይኑር፤ መሪዎቹም እዚያው አብረው ይቀመጡ፣ ወጥ ቤት አይንጎዳጎዱ። ለንባብ የማርቆስን ወንጌል እመክራለሁ። 16 ምዕራፍ ነው፣ በቀን ሦስት ምዕራፍ ቢያነቡ በአምስት ቀን 15 ይደርሳሉ። አሥራ ስድስተኛውን ሆን ብላችሁ ለቤት አስቀሩት፤ ትንሣኤው ያለው እዚያ ነው፣ እቤቱ ተመልሶ ያንብበው። ልጁ ቤቱ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ የሚከፍትበት ምክንያት ስጡት።

ከሰዓት የጥያቄ ሳጥን አምጡ። ካርቶን ቀድዳችሁ፣ ወረቀት በትናችሁ፣ ስም ሳይጻፍ ይክተቱ። እኔ የገጠሙኝ ዓይነቶች እንዲህ ነበሩ፦ "እናቴ ታማ ጸለይኩ፣ ሞተች። ለምን?" "አባቴ አገልጋይ ነው፣ ቤት ግን ይመታናል።" "እውነት ባይሆንስ?" እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲወጣ አንዳንድ አገልጋይ ይደነግጥና አንድ ጥቅስ ወርውሮ ያልፋል። አትለፉ። "አላውቅም፣ እኔም ጠይቄዋለሁ" ማለት ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ያን ቀን ከሁሉ የሚሰማው ንግግር እሱ ነው። ጥያቄውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጮክ ብሎ ጠይቆ ማንም ያልተቆጣው ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያው ጥያቄ ሲመጣበት ወዴት እንደሚወስደው ያውቃል። ስለ ድብደባው ወረቀት ግን ምላሹ ሌላ ነው። ልጁን በአደባባይ አትፈልጉት፤ በራሱ ጊዜ መጥቶ የሚያናግረው ሰው ማን እንደሆነ ለሁሉም ተናገሩ። ከመጣ ደግሞ "ለማንም አልናገርም" ብላችሁ ቃል አትግቡ፣ መነገር ያለበት ነገር አለና።

በዚሁ ደግሞ፦ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻውን አይሁን፣ ለጸሎትም ቢሆን። የአስም፣ የሚጥል በሽታና የአለርጂ መረጃ ከወላጅ በጽሑፍ ተቀበሉ። መድኃኒት የሚውጥን ልጅ "ጌታ ይፈውስሃል" ብሎ ማስቆም ወንጀል ነው።

ስልክ ሰብስቡ፣ ማታ ሃያ ደቂቃ ለቤት እንዲደውሉ መልሱላቸው። ሳህን ይጠቡ፣ ድንች ይላጡ። አብሮ ሽንኩርት ሲከተፍ የሚወጣ ወሬ ከስብከት በኋላ ከሚደረግ ውይይት ይበልጣል።

የመጨረሻው ሌሊት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ልጆቹ አራት ሌሊት በቅጡ አልተኙም፣ መብራት ተቀንሷል፣ ኪቦርዱ ቀስ እያለ ይጫወታል፣ ሰባኪው "ዛሬ ካልሆነ መቼ?" ይላል። በዚያ ሰዓት የማያለቅስ ልጅ ካለ ድንጋይ ነው ማለት ነው። እንባ መጥፎ አይደለም፣ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ጎኑ ያለው እያለቀሰ እሱ ምንም ያልተሰማው ልጅ "እኔን እግዚአብሔር አይፈልገኝም" ብሎ ይተኛል፣ ይህንን ማንም አያይለትም። ስለዚህ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ጨርሱና አስተኟቸው። ወደ ፊት የወጣውን ልጅ መሪው ጠዋት ሻይ ላይ "ማታ ምን ወሰንክ? በራስህ ቃል ንገረኝ" ይበለው። ጠዋት በእንቅልፍ በጠገበ ጭንቅላት መናገር ከቻለ ውሳኔው የራሱ ነው። ካልቻለም አይፈርበት፣ ጊዜ አለው።

እግረ መንገዴን፣ ጆሳያ ስፓየርስ የሚባል እንግሊዛዊ በ1860ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ) በዌልስ ላንዲድኖ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ "እግዚአብሔር ፍቅር ነው" ብሎ ጻፈና ልጆች ፊደሉን በጠጠር እንዲያስጌጡ ጠራቸው። ኋላ ስክሪፕቸር ዩኒየን የተባለው የክርስቲያን ድርጅት ዛሬም የሚተርከው ታሪክ ነው። ያ ሁሉ መሣሪያ ጠጠር ነበር። ሳውንድ ሲስተም ስትከራዩ ይቺን አስቧት።

ወላጆች፣ ለእናንተ አጭር ነው። ልጁ ሲመለስ "ተለወጥክ?" አትበሉት፣ ሳምንት ሳይሞላው እህቱን ሲጮህባት ደግሞ "ካምፑ ይኸው ነው?" አትበሉት። "ምን በላችሁ? ከእነማን ጋር አንድ ክፍል ደረሳችሁ?" ብላችሁ ጀምሩ፤ ሌላውን ራሱ ያመጣዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የመሪው ሥራ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ይደውል። መስከረም ላይ ቡድኑ እንደገና ይገናኝ፣ ሻይ ቤትም ቢሆን። ለእያንዳንዱ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥራ ይሰጠው፦ ፕሮጀክተር፣ የሕፃናት ክፍል፣ ወንበር መደርደር። ካምፑ ላይ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ለራሳቸው ደብዳቤ አስጽፏቸው፣ ፖስታው ላይ ስማቸውን ብቻ ይጻፉ፣ አሽጉት፣ ማንም አይክፈተው። ኅዳር ላይ አድሉት። ቤተ ክርስቲያን መምጣት ላቆሙት ልጆች ቤታቸው ድረስ ይዛችሁላቸው ሂዱ። ስብከት አትጨምሩበት፣ ደብዳቤውን ስጧቸውና ሻይ ከቀረበላችሁ ጠጥታችሁ ተመለሱ።