የወረዳ ትምህርት ቤቶች ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት መስፈርቱን ጻፉ

በሂሳብ ምርመራ ሥራ ብዙ የትምህርት ቤት መዛግብት አገላብጫለሁ። የሂሳብና የተማሪ ክትትል ሶፍትዌር ሊገዛ ለተነሣ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሻጩ ሥራውን ሊያሳያችሁ ከመምጣቱ በፊት መስፈርቱ ተጽፎና በኮሚቴው ተፈርሞ ይጠብቀው። ዕቃውን አይቶ መስፈርት የሚጽፍ ኮሚቴ፣ ሳያውቀው የሻጩን ማስታወቂያ ይገለብጣል።

ከክፍል ጀምሩ። መምህሩ ስም ሲጠራ «ቀሪ»፣ «አርፋጅ»፣ «በፈቃድ» ይላል። ልጁ ስንት ደቂቃ ሲዘገይ ነው አርፋጅ መባሉ ቀርቶ ቀሪ የሚሆነው? ይህ በሁሉም ትምህርት ቤቶች አንድ ካልሆነ የወረዳው ድምር ምንም አይናገርም። በፈረቃ የሚያስተምሩት የጠዋቱንና የከሰዓቱን ለየብቻ ይያዙ።

ስም ላይ አትቸኩሉ። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ከመዘገበ አንዲት ልጅ ሁለት ትሆናለች። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ስም ሲፈልግ ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ሳይለይ ያግኝ፤ ሲያትም ግን ወላጅ ያስመዘገበውን አጻጻፍ ይጠብቅ። የተማሪው፣ የአባትና የአያት ስም በየራሳቸው ቦታ ይግቡ። ልጁ መሸኛ ይዞ ሲዛወርም መለያ ቁጥሩ አብሮት ይሂድ። ይህ የጽሕፈት ጣጣ ብቻ አይደለም። ድጎማ በተማሪ ቁጥር በሚሰላበት ቦታ፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ልጅ የሌላውን ልጅ ደብተርና ጠመኔ ይወስዳል። ክትትሉና ሂሳቡ በአንድ መለያ ቁጥር ይተሳሰሩ የምለው ለዚህ ነው።

ዘመን አቆጣጠሩም የእኛው ይሁን፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን እንዳላት የማያውቅ ፕሮግራም አትቀበሉ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ትምህርት የሚጀመረው ግን በመስከረም ነው። ሁለቱን ዓመታት ለይቶ መያዝ ግዴታ ይሁንበት፤ አለበለዚያ በነሐሴ የተገዛ ወንበር ባለፈው ዓመት ተማሪዎች ላይ ይታሰባል።

ስለ ሂሳቡ የማልደራደርበት ነጥብ አለ፦ የተመዘገበ ነገር አይሰረዝ። ስህተት በሌላ ምዝገባ ይታረም፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳረመውም ይታይ። ክፍያ የሚጠይቅ፣ የሚያጸድቅና የሚከፍል ሦስት ሰው ይሁን። ዕቃ ከሆነ ደግሞ የገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ከክፍያው ጋር ካልተያያዘ ሂሳቡ አይዘጋ።

የልጆችን መረጃ ማን እንደሚያይ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት በጽሑፍ ወስኑ። ውሉ ሲያበቃ መዝገቡ ሁሉ በሌላ ፕሮግራም ሊከፈት በሚችል መልክ እንዲመለስላችሁም አስፈርሙ።

በመጨረሻ ሻጩን ከከተማ ርቆ ወዳለ ትምህርት ቤት ውሰዱት። የፈጠራ ስሞች አስገቡ፤ ስም በሚጠራበት መሐል ኢንተርኔቱንና መብራቱን አቋርጡ። መብራት ሲመለስ የጠፋ ስም ካለ ውሉ አይፈረም።