ካታሎጉ ኮምቦልቻን አያውቅም፦ ሮቦት ሲተከል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ሲገቡ ከፍታው ወደ 2,500 ይጠጋል። ለሾፌሩ ነገሩ ማርሽ መቀነስ ነው፤ ሮቦት ለሚተክል ሰው ግን የኤሌክትሪኩንም የአየሩንም ሂሳብ ይለውጥበታል። በካታሎግ ላይ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ለሆነ ቦታ፣ ለማይቋረጥ መብራትና ለንጹሕ አየር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ብዙዎቹ ይህን ከመዘንጋት ይመጣሉ።

ማነቆውን ሳይለዩ መግዛት

የዱቄት ፋብሪካን እንውሰድ። በደቂቃ 8 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት የሚደረድር ሮቦት በሰዓት 240 ኩንታል ያነሳል። የከረጢቱን አፍ የሚሰፋው ማሽን ግን በደቂቃ 4 ብቻ የሚያወጣ ከሆነ የሚደርሰው 120 ኩንታል ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ክንድ ግማሹን ቀን ቆሞ ይውላል ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድመው ሁለት ሙሉ ፈረቃ ሰዓት ይዘው ይቁሙ፦ መሙላት፣ መመዘን፣ መስፋት፣ መሸከም፣ እያንዳንዱ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? የቀኑ አማካይ አይበቃም፤ የመኪና መጫኛ ሰዓት ላይ ያለው መጨናነቅ አማካዩ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል።

ጭነት ሲሰላም ከረጢቱ ብቻ አይቆጠርም። 50 ኪሎ ከረጢት ላይ 35 ኪሎ የሚመዝን መያዣ ሲጨመር 85 ይሆናል፤ 80 ኪሎ የሚችል ሮቦት አለቀለት። ክብደቱ ከእጅ አንጓው በራቀ ቁጥር አቅሙ ይበልጥ ስለሚወርድ የጭነት ሰንጠረዡን ሳያዩ አይፈርሙ።

በስፌት መጀመር

በ2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ሰው ስለ አውቶሜሽን ሲያስብ ቀድሞ የሚታየው ልብስ ስፌት ነው። ለጀማሪ ከዚህ የከፋ ምርጫ የለም። ጨርቅ ይተጣጠፋል፣ ይለጠጣል፤ ከተደራረበ ክምር አንዱን ብቻ ለይቶ ማንሳት እንኳ ለሮቦት ፈተና ነው። ካርቶን መደርደር፣ ላሜራ ማቀበል፣ ተመሳሳይ ቁርጥራጭ መበየድ ይቅደም።

የቫኪዩሙን ሂሳብ ከፍታ ላይ አለማስላት

ጎማ መምጠጫ ዕቃውን የሚይዘው በራሱ ጉልበት አይደለም፤ ከውጭ ያለው አየር ነው የሚገፋለት። የውጭው አየር ሲሳሳ ግፊቱም ይቀንሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ የአየር ግፊቱ 101 ኪሎፓስካል ነው፤ ኮምቦልቻ 81 ያህል፣ ደሴ 75 ያህል። ከአየሩ 85 በመቶውን መጥጦ የሚያወጣ ቫኪዩም (አየር አልባ ክፍተት) ማመንጫ ጠረፍ ላይ 86 ቢደርስ፣ ኮምቦልቻ 69፣ ደሴ 64 ላይ ይቆማል።

አሁን የግፊት ሴንሰሩ ከፋብሪካ ሲመጣ 70 ላይ ተስተካክሎ ከሆነ የሚሆነውን ይመልከቱ። ሮቦቱ ወርዶ ካርቶኑን ይነካል፣ አየሩን ይመጥጣል፣ ይጠብቃል፤ ቁጥሩ 68፣ 69 ብሎ ይቆምና አላርም ይጮኻል። ጥገና ክፍሉ መምጠጫውን ይቀይራል፣ ቱቦውን ይቀይራል፣ በሳሙና አረፋ ቀዳዳ ይፈልጋል። የሚያፈስ ነገር የለም! መፍትሔው ሴንሰሩን ለኮምቦልቻ ወደ 55፣ ለደሴ ወደ 50 አውርዶ የመምጠጫውን ቁጥር መጨመር ነው። 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አንድ መምጠጫ በ50 ኪሎፓስካል 98 ኒውተን ያህል ይይዛል። 12 ኪሎ ካርቶን 118 ኒውተን ነው፤ ለደኅንነት እጥፉን፣ 236 ይያዙ። ሦስት መምጠጫ ይበቃዋል፣ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ግን አራት ያድርጉት። ክንዱ በፍጥነት የሚዞር ከሆነ ወይም ዕቃው በጎኑ የሚያዝ ከሆነ እጥፉ ራሱ አይበቃም፤ አራት እጥፍ ይቁጠሩ።

ለማዳበሪያ ከረጢት ግን መምጠጫውን ይርሱት። የተሸመነ ስለሆነ አየር ያሳልፋል። ከሥር ገብቶ የሚያቅፍ ባለ ጣት መያዣ ያስፈልገዋል።

ኮምፕረሰሩም እንዲሁ ነው። የሚስበው ሊትር ባይቀንስም ኮምቦልቻ ላይ አየሩ በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ሩብ ያህል ከፍ ያለ መጠን ይምረጡ። ሞተሮቹን ለሚቆጣጠሩት ለኢንቨርተርና ለሰርቮ ድራይቭ የተለመደው ቅናሽ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ነው፦ 30 አምፔር የተጻፈበት ኮምቦልቻ 27.5፣ ደሴ 25.5 ብቻ ይሸከማል። ይህን ሳያስቡ የተከሉት ድራይቭ እኩለ ቀን ላይ በሙቀት ሲቆም ጥፋተኛ የሚደረገው መብራት ኃይል ነው።

መብራት ሲመለስ የሚሆነውን አለማሰብ

ሁሉም የሚያስበው መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ነው። የባሰው ሲመለስ ነው። ሁሉም ማሽን አንድ ላይ ሲነሳ ቮልቴጁ ይወርድና እንደገና ይዘጋል። ተራ ያበጁለት፦ መጀመሪያ ኮምፕረሰሩ 6 ባር እስኪደርስ፣ ቀጥሎ ማመላለሻው፣ መጨረሻ ሮቦቱ። አየር ሳይሞላ ሮቦቱ ከተንቀሳቀሰ መያዣው ባዶውን ይዘጋል፤ በሥራ መካከል አየር ሲጠፋ ደግሞ የያዘውን እንዳይጥል በስፕሪንግ ተዘግቶ የሚቆይ መያዣ ይምረጡ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ለመቆጣጠሪያውና ዕቃውን ለሚመረምረው ካሜራ ኮምፒውተር ይበቃል፤ ሞተሮቹን በዩፒኤስ ማንሳት የገንዘብ ብክነት ነው።

የኢንኮደሩ (ክንዱ የት እንዳለ የሚቆጥረው መሣሪያ) ባትሪም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ፋኑክ በተባለው የጃፓን ኩባንያ በብዙ ሮቦቶች እግር ውስጥ አራት ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች አሉ፤ አልካላይን ናቸው፣ በዓመት አንዴ ይቀየራሉ። ኃይል የሚሰጡት መብራት በሌለበት ጊዜ ነው፤ መብራት በማይጠፋበት ቦታ ረጅም ዕድሜ አላቸው፣ በሚቋረጥበት ቦታ ቶሎ ያልቃሉ። ሲቀይሩ ሮቦቱ እንደበራ፣ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ተጭኖ ይሁን። አጥፍተው ካወጧቸው ሮቦቱ ክንዱ የት እንዳለ ይረሳል፤ ዜሮውን እንደገና ማበጀት ደግሞ ሰዓታት ይወስዳል። የማስተሪንግ (የዜሮ ማበጃ) ቁጥሮቹን ጽፈው ፓኔሉ በር ላይ ይለጥፉ።

ካሜራውን በአንድ ፈረቃ ፎቶ ማስተማር

ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ በፕላስቲክ ቆርቆሮው የሚገባው ፀሐይና የሌሊቱ መብራት ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን ያሳያሉ። ካሜራውን በጥቁር ሳጥን ይክለሉት፣ የራሱ መብራት ይኑረው፣ መስታወቱን በየፈረቃው ይጥረጉ፤ የዱቄት ብናኝና የጥጥ ብጣሪ አይምሩም። ውጤቱንም በአንድ ቁጥር አይመኑ፦ ከ100 ዕቃ 2ቱ ብልሽት ያላቸው ከሆኑ፣ ሁሉንም “ደህና ነው” የሚል ሥርዓት 98 በመቶ ትክክል ነው። ያለፈበትን ብልሽትና በከንቱ የጣለውን ለየብቻ ይቁጠሩ።

የአጥሩን በር በሽቦ ማሰር

በሩ ሲከፈት ሮቦቱን የሚያቆመው ማብሪያ ሥራ ያስተጓጉላል ተብሎ በሽቦ ይታለፋል። የቆመ ሮቦት ግን የጠፋ ሮቦት አይደለም፤ ሴንሰር እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። የተጣመመውን ካርቶን አቃናለሁ ብሎ የገባው ሰው በእጁ ሴንሰሩን ሲነካ ክንዱ በሙሉ ፍጥነት ይነሳል። በማስተማሪያ ሁነታ (ሰው ሮቦቱን በእጅ እየመራ እንቅስቃሴ ሲያስተምረው) ፍጥነቱ ከ250 ሚሊሜትር በሰከንድ እንዳያልፍ የተወሰነው ሰው ለማምለጥ ጊዜ እንዲያገኝ ነው። የሚገባው ሰው የበሩን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ይክተት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሁለት ቁልፍ።

መለዋወጫን ለኋላ ማቆየት

አዲስ አበባ 380 ኪሎሜትር ገደማ ይርቃል፤ አንድ ፊውዝ ቀኑን ሙሉ ሥራ ሊያስፈታዎት ይችላል። ከመጀመሪያው ግዢ ጋር ፊውዞች፣ መምጠጫዎች፣ የአየር ቱቦ፣ ከየዓይነቱ አንድ ሴንሰርና የኢንኮደር ገመድ ይግቡ። የፕሮግራሙ ቅጂም በሁለት ፍላሽ ተይዞ አንዱ ከፋብሪካው ውጭ ይቀመጥ። ሁልጊዜ የሚረሳው የማስተማሪያ ሰሌዳው (ሮቦቱን በእጅ የሚያዙበት) ገመድ ነው፤ ወለል ላይ ተጥሎ ፎርክሊፍት የሚሄድበት እሱ ነውና፣ ሁለት ይዘዙ።