ያለምክንያት የቆመ ፕሮግራምን በኤስትሬስ ከትእዛዝ መስመር እንዴት መመርመር እንደሚቻል

አንድ ፕሮግራም ምክንያቱን በግልጽ ሳያሳውቅ ሲቆም፣ ኮዱን ከማገላበጥ ይልቅ የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት ከሆነው ከርነል ጋር ያደረገውን ልውውጥ መመልከት ብዙ ጊዜ ያዋጣል። በ1991 በፖል ክራነንበርግ ሰንኦኤስ ለተባለው ስርዓተ ክወና ተጽፎ በኋላ ወደ ሊኑክስ የተሸጋገረው ኤስትሬስ (strace)፣ ፕሮግራሙ ፋይል ለመክፈት፣ ከኔትወርክ ለመገናኘት ወይም ሚሞሪ ለማግኘት ለከርነሉ የሚያቀርባቸውን ጥሪዎች አንድ በአንድ ይመዘግባል። ትእዛዞቹ እዚህ በአነባበባቸው የተጻፉ በመሆናቸው ሲተይቡ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ያስገቧቸው።

መሣሪያው ከሌለዎት በኡቡንቱና በዴቢያን «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤስትሬስ» ብለው ይጫኑት። ከዚያም «ኤስትሬስ» ብለው «ሰረዝ ኤፍ»፣ «ሰረዝ ኦ»፣ የመዝገቡን ፋይል ስም፣ በመጨረሻም የሚመረምሩትን ፕሮግራም በተራ ይጻፉ። የመጀመሪያው ምርጫ ፕሮግራሙ የሚፈጥራቸውን ሌሎች ሂደቶች ጭምር ይከታተላል፤ ሁለተኛው መዝገቡን ወደ ፋይል ይልካል። ሁለተኛውን ከተዉት መዝገቡ ከፕሮግራሙ የራሱ መልእክቶች ጋር ተደባልቆ ስክሪኑን ስለሚያጥለቀልቀው ባይተዉት ይሻላል።

በእያንዳንዱ መስመር ላይ የጥሪው ስም፣ በቅንፍ ውስጥ የተላለፉለት ነገሮች፣ ከእኩል ምልክት በኋላ ደግሞ ከርነሉ የመለሰው ውጤት ይታያል። ውጤቱ ከዜሮ በታች 1 ከሆነ ጥሪው አልተሳካም ማለት ነው፤ አጠገቡም ፋይሉ እንደሌለ ወይም ፈቃድ እንደተከለከለ የሚገልጽ ስያሜ ይከተላል። ይሁን እንጂ ያልተሳካ ጥሪ ሁሉ ጥፋት አይደለም። ገና በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ኤልዲ ነጥብ ኤስኦ ነጥብ ፕሪሎድ የተባለ ፋይል ተፈልጎ እንደታጣ ያያሉ፤ ይህ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ የሚታይ ስለሆነ ጀማሪዎች በከንቱ ይደነግጡበታል።

ስለዚህ መዝገቡን ከታች ወደ ላይ ያንብቡት። በመጨረሻ ፕሮግራሙ የወጣበትን መስመር ያገኛሉ፤ ከእርሱ ከፍ ብሎ ብዙ ጊዜ የስህተት መልእክቱን የስህተቶች መውጫ ወደሆነው ቁጥር 2 የጻፈበት የ«ራይት» ጥሪ አለ። ከዚህ በላይ በቅርብ የሚገኘው ያልተሳካ ጥሪ ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው፦ ለምሳሌ «ኦፕንአት» የማዋቀሪያ ፋይል ሊከፍት ሞክሮ ፈቃድ ከተከለከለ፣ ፋይሉ በቦታው አለና መታረም ያለበት ፈቃዱ ወይም ፕሮግራሙ የሚሠራበት ተጠቃሚ ነው። መልእክቱ ከ32 ባይት በኋላ ተቆርጦ ከታየ «ሰረዝ ኤስ 200» ይጨምሩ።

ፕሮግራሙ ሳይቆም ተሰቅሎ ከቀረ «ሱዶ ኤስትሬስ ሰረዝ ፒ» ብለው የሂደቱን ቁጥር ይስጡ፤ «ኮንትሮል ሲ» ሲጫኑ ክትትሉ ይቋረጣል እንጂ ፕሮግራሙ አይዘጋም። ችግሩ መዘግየት ከሆነ «ሰረዝ ሲ» የጥሪዎቹን ብዛትና ጊዜ በሰንጠረዥ ያጠቃልላል፤ ይሁንና በመጠበቅ የባከነውን ጊዜ የሚቆጥረው «ሰረዝ ደብሊው» ሲታከልበት ነው።

ኤስትሬስ የሚከታተለውን ፕሮግራም በእጅጉ ስለሚያዘገየው ደንበኞች እየተጠቀሙበት ባለ ሰርቨር ላይ ለአጭር ጊዜ ብቻ ያሂዱት፤ መዝገቡም የይለፍ ቃል ሊይዝ ስለሚችል ለሌላ ሰው ከመላክዎ በፊት ይፈትሹት።