ሚኒሞ አልይዝ ያለ የድሮ መኪና፦ ቫክዩሙን በአዲስ አበባ ከፍታ መመርመር

ዲኤክስ ኮሮላ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ) ሲንቀጠቀጥና ትራፊክ መብራት ላይ ሲጠፋ ብዙው ሰው ካቻቢቴ ይዞ በቀጥታ ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡሬተር ብሎን ይሄዳል። ብሎኑ ሲነካ ሞተሩ ለጊዜው ይረጋጋል፤ አየር የሚያስገባው ቀዳዳ ግን ሳይነካ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ቤንዚን አብዝቶ ይበላል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ትክክለኛው የብሎን ቦታም ይጠፋል። ስለዚህ ልክ ሳይወሰድ ብሎን አይነካ።

ሚኒሞ ላይ የካርቡሬተሩ ቢራቢሮ (አየር የሚያሳልፈው ክዳን) ሊዘጋ ጥቂት ስለሚቀረው ሞተሩ የሚስበው አየር በጣም ትንሽ ነው። በዚህ ሰዓት በአንዲት ስንጥቅ የሚገባ ትርፍ አየር ቅልቅሉን ያቀጥነዋል። ነዳጅ ሲረገጥ ግን በቢራቢሮው በኩል ብዙ አየር ስለሚገባ ያቺ ትርፍ ከቁጥር አትገባም። ቆሞ የሚያስቸግር፣ ሲሮጥ ግን ደህና የሆነ መኪና በመጀመሪያ በቫክዩም፣ ማለትም ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው የመሳብ ኃይል፣ የሚጠረጠረው ለዚህ ነው።

መለኪያው የሚሰካው የት ነው?

የቫክዩም ጌጁ ከቢራቢሮው በታች ካለ ቀዳዳ፣ ማለትም ቅልቅሉን ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያደርሰው ማኒፎልድ ጋር መገናኘት አለበት። ወደ ፍሬን ሰርቮ (የፍሬን ኃይል አጋዥ) የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ላይ በቲ ማገናኛ መሰካት ይቻላል። ወደ ዲስትሪቢዩተር (እሳት ለካንዴላዎች የሚያከፋፍለው) የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ግን በብዙ ካርቡሬተሮች ከቢራቢሮው በላይ ስለሚነሳ ሚኒሞ ላይ ዜሮ ሊያሳይ ይችላል፤ ይህን አይቶ ሞተሩን በበሽተኝነት መፈረጅ የተለመደ ስህተት ነው። ሞተሩ 15 ደቂቃ ያህል ሠርቶ ይሙቅ፣ ቾኩ (ሞተር ሲቀዘቅዝ አየር የሚቀንሰው ክዳን) ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ካምቢዮው ዜሮ ላይ ይሁን።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። በጌጁ ፊት ላይ አረንጓዴ የተቀባውም ሆነ በጥገና መጽሐፍ የተጻፈው ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ (የቫክዩም መለኪያ) የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ 1 ኢንች ይቀነሳል። ሞተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ብዙም ሳይለወጥ የውጭው አየር ስለሚሳሳ የሁለቱ ልዩነት ይጠባል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከ7 እስከ 8 ኢንች ይወርዳል፤ እዚህ ከ10 እስከ 13 ላይ ጸጥ ብሎ የቆመ ቀስት ጤነኛ ነው። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ስለሆነች እዚያ ከ13 እስከ 17 ይጠበቃል። ይህን ስሌት ሳይሠሩ «ቫክዩሙ 12 ብቻ ነው» ብሎ ደህና ሞተር ማስፈታት ከባድ ኪሳራ ነው።

ቀስቱ ምን ይላል?

ከቁጥሩ ይልቅ የቀስቱ እንቅስቃሴ ብዙ ይናገራል። ዝቅ ብሎ ሳይነቃነቅ ከቆመ የእሳቱ ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ዘግይቷል ወይም አየር እየገባ ነው፤ በጣም ዝቅ ካለ (አዲስ አበባ ላይ ከ5 በታች) ትልቅ ቀዳዳ ይፈለግ። በእኩል ጊዜ ልዩነት ጠብ ጠብ የሚል ቀስት አንድ ሲሊንደር ላይ የተቃጠለ ወይም ያልገጠመ ቫልቭ እንዳለ ያሳያል። በቀስታ ወዲያና ወዲህ የሚንሳፈፍ ከሆነ ቅልቅሉ አልተስተካከለም። ሞተሩ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ተይዞ ቀስቱ ቀስ በቀስ የሚወርድ ከሆነ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ታፍኗል። ነዳጅ በድንገት ተረግጦ ሲለቀቅ ቀስቱ ወደ ዜሮ ወርዶ ከቀድሞው ቦታ በ3 እስከ 5 ኢንች ከፍ ማለትና መመለስ አለበት፤ ከፍ ካላለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እንደደከመ ይጠርጥሩ።

ቀዳዳውን መፈለግ

በመጀመሪያ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ይጭመቁ፤ ጎማው እንዳይቆረጥ በጨርቅ ይሸፍኑት። አንዱ ሲጨመቅ ሞተሩ ከተረጋጋ ችግሩ ከዚያ ቱቦ ወይም ቱቦው ከሚያደርስበት ዕቃ ላይ ነው። ጫፉ ብቻ ከተሰነጠቀ 2 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ መልሶ መሰካት ይበቃል። ለምትክ ግን ተራ የውኃ ጎማ አይሆንም፤ ሲሞቅ በመሳብ ኃይል ይጠፈጠፋል።

ቱቦዎቹ ደህና ከሆኑ የካርቡሬተሩ መቀመጫና የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ይቀራሉ። ብዙ ጋራዥ ቤንዚን ወይም የካርቡሬተር ማጽጃ ይረጫል። በዲኤክሱ 4ኬ ሞተር ላይ ይህ አደገኛ ነው፤ የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በአንድ ወገን ስለሚገኙ የሚረጨው ነዳጅ የሚያርፈው የጋለ ብረት ላይ ነው። በእጅ መርጫ ትንሽ የሳሙና ውኃ በመጋጠሚያው ላይ ብቻ ይርጩ፤ ወደ ዲስትሪቢዩተርና ወደ ካንዴላ ገመድ እንዳይደርስ። ውኃው ስንጥቁን ለአፍታ ስለሚደፍን የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል ወይም የፉጨቱ ድምፅ ይቆማል። ካንዴላም ይመሰክራል፦ ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ነጭ ከሆነ ቀዳዳው በዚያ ሲሊንደር መግቢያ አጠገብ ነው።

የካርቡሬተሩን ዳዶዎች በሰያፍ፣ በመጠኑ ያጥብቁ። በኃይል ማጥበቅ እግሩን ያጎብጠዋል፤ ያኔ አዲስ ጓርኒሲዮንም አይረዳም። ተራ ሲሊኮን መለቅለቅም አይጠቅምም፤ ቤንዚን ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል፣ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ ይሳባል። የቢራቢሮውን ዘንግም በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቁ። የሚጫወት ከሆነ አየር በዘንጉ ዳር ይገባል፤ ዘንጉ በቶርኖ ቤት ቡሽ (የሚዞርበት ቀለበት) ካልገባለት በማስተካከል የሚድን አይደለም።

ሰርቮው ለብቻው ይፈተን፤ ነገሩ የፍሬን ጉዳይ ነውና አይታለፍ። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አምስት ጊዜ ይርገጡ፣ እግርዎን ሳያነሱ ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች መስመጥ አለበት። ካልሰመጠ ቱቦው፣ ቱቦው ላይ ያለው አንድ አቅጣጫ ቫልቭ ወይም የሰርቮው ላስቲክ ተበላሽቷል። የዲስትሪቢዩተሩን ዲያፍራም ለመፈተን ደግሞ ክዳኑን ከፍተው ቱቦውን በአፍ ይሳቡና ጫፉን በምላስ ይድፈኑ፤ ፑንቲናው (የእሳቱን መስመር የሚያቋርጠው ዕቃ) የተቀመጠበት ሳህን ዞሮ እዚያው መቆየት አለበት። ወዲያው ከተመለሰ ዲያፍራሙ ተቀዷል።

ምንም ቀዳዳ ሳይገኝ ቫክዩሙ ዝቅ እንዳለ ከሆነ የቫልቭ ክፍተት ይለካ፤ በ4ኬ ሞተር በሙቀቱ ለማስገቢያው 0.20፣ ለማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጥሎ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የመታመቅ ግፊት) ይለካል። ደካማ በሆነው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ከፍ ካለ ፋሻው፣ ካላለ ቫልቩ ነው።

ካርቡሬተሩ የሚስተካከለው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ጌጁ እንደተሰካ ነው። የቅልቅሉን ብሎን ቀስቱ ከፍተኛውን ቁጥር እስኪያሳይ በሩብ በሩብ ዙር ያዙሩ፤ በየመሃሉ ሞተሩ እስኪረጋጋ 10 ሰከንድ ይጠብቁ። ከዚያ ሚኒሞውን በሌላኛው ብሎን ወደ ተገቢው ዙር ያውርዱና ቅልቅሉን አንዴ ይድገሙት፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ይዛባል።