የደም ማቅጠኛ መርፌን በቤት ውስጥ በጥንቃቄ እንዴት መውሰድ ይቻላል?

የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ አንዳንድ ጊዜም የወለዱ እናቶች፣ ኢኖክሳፓሪን የተባለ መርፌ ታዝዞላቸው ከሆስፒታል ይወጣሉ፤ ፋርማሲዎች ክሌክሳን ወይም ሎቬኖክስ በሚል የንግድ ስም ይሸጡታል። መርፌው በእግር ጥልቅ የደም ሥሮች ውስጥ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ እንዲህ ያለ የረጋ ደም ከቦታው ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ብዙ ሰው የሚፈራው ራሱን መውጋቱን ቢሆንም መውጋቱ በአንድ ቀን ይለመዳል፤ ከዚያ ይልቅ ጉዳት የሚያስከትሉት የመጠን ስህተት፣ አብረው የሚወሰዱ ሌሎች መድኃኒቶች እና መርፌውን ያለጊዜው ማቋረጥ ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ የታዘዘልዎትን መጠን በትክክል ይወቁ። ለመከላከል ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በቀን አንድ ጊዜ 40 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ደም ረግቶ ለተገኘበት ሰው ግን መጠኑ በክብደቱ ይሰላል፤ ለምሳሌ በየ12 ሰዓቱ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ሊታዘዝለት ይችላል። በመሆኑም ከዘመድ ወይም ከጎረቤት የተረፈ መርፌ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። የኩላሊት ሕመም፣ የሚደማ የጨጓራ ቁስለት ወይም ቀደም ሲል ሄፓሪን በሚባለው የደም ማቅጠኛ ምክንያት የደረሰ ችግር ካለብዎት፣ ወይም በጀርባ በኩል የሚሰጥ ማደንዘዣ የሚጠብቅዎት ከሆነ ለሐኪምዎ አስቀድመው ይንገሩ። ኢኖክሳፓሪን የሚሠራው ከአሳማ አንጀት ከሚገኝ ሄፓሪን ነው፤ ይህ በሃይማኖትዎ ምክንያት የሚያሳስብዎት ከሆነ በዝምታ መርፌውን ከመተው ይልቅ ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ከእንስሳት የማይገኘው ፎንዳፓሪኑክስ የተባለ ሌላ የደም ማቅጠኛ መርፌ ለአንዳንድ ሕሙማን አማራጭ ሊሆን ይችላል።

መርፌውን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መውሰድ ያስፈልጋል። እጅዎን በሳሙና ታጥበው ሆድዎን ማየት በሚችሉበት ሁኔታ ይቀመጡ ወይም ጋደም ይበሉ። በመርፌው ላይ የተጻፈውን ስም፣ መጠንና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ያንብቡ፤ ፈሳሹ ከደፈረሰ ወይም ዝቃጭ ካለው አይጠቀሙበት። ከእምብርትዎ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ርቀው በሆድዎ በቀኝ ወይም በግራ ጎን ጠባሳና ብልዝ የሌለበት ቦታ ይምረጡ። ዛሬ በቀኝ ከወጉ ነገ በግራ ያድርጉት። ቦታውን በአልኮል ጠርገው እስኪደርቅ ይጠብቁ።

ክዳኑን ቀጥ አድርገው ይሳቡ። በውስጡ ትንሽ የአየር አረፋ ያያሉ፤ ሌላ መርፌ ሲሰጥ አየር ሲወጣ ያየ ሰው ይህንንም ሊያስወጣ ይሞክራል፣ ነገር ግን ሙሉውን የ40 ሚሊ ግራም መርፌ የሚወስድ ሰው አረፋውን መንካት የለበትም፤ አየሩን አስወጣለሁ ሲል መድኃኒቱ አብሮ ሊፈስ ይችላል። የታዘዘልዎት መጠን መርፌው ከያዘው ያነሰ ከሆነ ግን ትርፉ መወገድ ስላለበት አደራረጉን ነርስ ፊት ለፊት እንድታሳይዎት ይጠይቁ።

በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ቆዳውን ከነስቡ ቆንጥጠው ይያዙ፤ መርፌውንም ቀጥ አድርገው እስከ መጨረሻው ያስገቡ። መግፊያውን በዝግታ እስኪያልቅ ይግፉ፤ መርፌው ከወጣ በኋላ ብቻ ቆዳውን ይልቀቁ። የተወጋውን ቦታ ማሸት ደም ከቆዳ ሥር እንዲሰራጭና ብልዙ እንዲሰፋ ያደርጋል፤ ከደማ በንጹሕ ጥጥ ለስለስ አድርጎ መያዝ በቂ ነው። ትንሽ ብልዝ ማየት የተለመደ ነው። በሰፈር ክሊኒክ የሚወጋዎት ባለሙያ ካለ ይህ መርፌ በክንድም ሆነ በመቀመጫ ጡንቻ ውስጥ እንደማይሰጥ ያስታውሱት።

መርፌው ላይ ሳሉ ለወገብም ሆነ ለጉልበት ሕመም የዲክሎፌናክ መርፌ ማስወጋት ከሁሉ የከፋው ስህተት ይመስለኛል፤ መድኃኒቱ ራሱ የመድማት አደጋን ይጨምራል፣ ጡንቻ ውስጥ የሚገባው መርፌም ደም ሊያቋጥር ይችላል። አይቡፕሮፌንና አስፕሪንም ሐኪም ካላዘዘ አይወሰዱም፤ ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ዋግምትም ሆነ ጥርስ ማስነቀል ሐኪም ሳያውቅ አይደረግም። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ከጎመን ይጠንቀቅ ሲባል የሚሰማው ዋርፋሪን ስለሚባለው እንክብል ነው፤ ኢኖክሳፓሪን የሚወስድ ሰው ጎመን መተው አያስፈልገውም።

አንድ ቀን ቢረሱ እንዳስታወሱ ይውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የተረሳውን ይዝለሉት እንጂ ሁለት መርፌ በአንድ ላይ አይውጉ። ከዳሌ ቀዶ ሕክምና በኋላ መርፌው እስከ 35 ቀን ሊታዘዝ ስለሚችል፣ መራመድ ስለጀመሩ ብቻ አያቁሙት። የታዘዘ የደም ምርመራም ካለ አይለፉት፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ፣ ብዙውን ጊዜ ከ5ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ፕላትሌት የሚባሉትን የደም ሕዋሳት ሊቀንስ ይችላል።

ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንትዎ ደም ከቀላቀለ፣ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለስዎት፣ ነስር ተጭነው ይዘውት አልቆም ካለ፣ ድንገተኛ ብርቱ ራስ ምታት ከያዘዎት ወይም ወድቀው ጭንቅላትዎን ከመቱ በቶሎ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። አንድ እግር ብቻ ሲያብጥና ሲያም፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ሲያጥርና ደረት ሲወጋም እንዲሁ ነው፤ መርፌውን እየወሰዱም ደም ሊረጋ ይችላል።

መድኃኒቱን ከ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በማይበልጥ ቦታ ያስቀምጡ እንጂ በረዶ እንዲሆን አያድርጉ። በቆላ አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ስለ አቀማመጡ ፋርማሲስቱን ያማክሩ። የተጠቀሙበትን መርፌ መልሰው ሳይከድኑ ክዳን ባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይጨምሩት፤ ዕቃውንም ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጠው ሲሞላ ከቤት ቆሻሻ ጋር ሳይቀላቅሉ ለጤና ጣቢያ ያስረክቡ።