ዝናብ ጥሏል ያለው ማነው? የኢንፈረንስ ጥያቄ ላይ የሚያስቱን ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ለአፕቲትዩድና ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ከሚዘጋጁ ልጆች ጋር እቀመጣለሁ። ሒሳቡን ብዙም አይፈሩትም። የሚያስመርራቸው «ከምንባቡ ተነሥተን የግድ እውነት ነው የምንለው የቱን ነው?» የሚለው የኢንፈረንስ ጥያቄ ነው። ጎበዞቹም ይስታሉ። እንዲያውም እነሱ ይብሳሉ፤ ብዙ ነገር ያውቃሉ።

የመጀመሪያው ጣጣ ይኸው የምናውቀው ነገር ነው። እንዲህ የሚል ምንባብ ሰጠኋቸው፦ «የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች አሉት። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ።» አብዛኞቹ «እዚያ መሐል ተሳፋሪ ይበዛል» የሚለውን መረጡ። ተሳፍረንበታል፣ ማን ይክዳል! ምንባቡ ግን ስለ ተሳፋሪ ትንፍሽ አላለም። መልሱ ደረቅ ነው፦ «በልደታና በስታዲየም መካከል ሐዲዱ ቢዘጋ ችግሩ ለሁለቱም መስመሮች ይተርፋል።» «ይሄማ ግልጽ ነው» ብላችሁ የዘለላችሁትን ቾይስ መለስ ብላችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ መልሱ እሱ ነው።

ሌላው የኋሊት መንዳት ነው። «ዝናብ ከጣለ ፒያሳ የታክሲ ሰልፍ ይረዝማል። ዛሬ ሰልፉ ረዝሟል።» እና? «ዘንቧላ!» አለች አንዷ።

«ማን ነገረሽ?»

ዝም። የሥራ መውጫ ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ታክሲዎቹ ነዳጅ ሊቀዱ ሄደውም ሊሆን ይችላል። «ከጣለ» የምትለው ቃል የአንድ አቅጣጫ መንገድ ናት። ወደ ኋላ መመለስ የሚቻለው ሁለቱንም ወገን አፍርሶ ብቻ ነው፦ ሰልፉ ካልረዘመ አልዘነበም። ዩኒቨርሲቲ 1ኛ ዓመት ላይ የሎጂክ ኮርስ የወሰደ ሰው ይህን ተምሮታል። ፈተናው ላይ ግን ብን ብሎ ይጠፋል።

ብዙ ክርክር ያስነሣው የብዛት ቃላት ጉዳይ ነው። «ካፌው ውስጥ ካሉት ከግማሽ በላዩ ማኪያቶ አዘዙ። ከግማሽ በላዩ ኬክ አዘዙ።» ሁለቱንም ያዘዘ ሰው የግድ አለ? «አይታወቅም» አሉ በአንድ ድምፅ። ሶፍት ስቤ 10 ሰረዝ አሰመርኩ። ከግራ ጀምሬ 6ቱን ማኪያቶ አልኳቸው፤ ከቀኝ ጀምሬ 6ቱን ኬክ። መሐል ላይ 2 ሰዎች ሁለቱም ደረሳቸው። የቻላችሁትን ያህል አራርቋቸው፣ አያመልጡም። «ከግማሽ በላዩ» የሚለው ሁለቱም ቦታ «አንዳንዶቹ» ቢሆን ግን አንድም ሰው መደራረቡን ማረጋገጥ አይቻልም።

«አንዳንድ» ራሷ ተንኮለኛ ናት። በወሬያችን «አንዳንዶቹ መጡ» ካልን የቀሩ አሉ ማለታችን ነው። ፈተናው ግን እንደዚያ አይተረጉማትም፤ ለእሱ «ቢያንስ አንድ» ማለት ናት። ሁሉም ቢመጡም «አንዳንዶቹ መጡ» እውነት ነው።

«ሁሉም፣ ፈጽሞ፣ ብቻ የሚሉ ቾይሶችን ሰርዙ» የሚል ምክርም ይዞራል። እኔ አልወደውም። ምንባቡ «መታወቂያ የሌለው ማንም አይገባም፤ ደንቡም ተጥሶ አያውቅም» ካለ፣ «ያለ መታወቂያ የገባ አንድም ሰው የለም» የሚለው ጠንካራ ቾይስ ትክክል ነው። የቾይሱን ጉልበት ከምንባቡ ጉልበት ጋር መዝኑ። ምንባቡ «ሊሆን ይችላል» እያለ ቾይሱ «ነው» ካለ፣ ያኔ ሰርዙ።

ሰዓትም አለ። አንዳንዶቹ ልጆች የሚለማመዱት በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና፣ በኤልሳት ጥያቄዎች ነው። እዚያ የሎጂክ ክፍሉ 35 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ጥያቄው ወደ 25 ይጠጋል። ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሁለት ቾይስ ላይ ስትዋልሉ ጣታችሁን ምንባቡ ላይ አሳርፉ። «ይቺ መስመር ናት ያስገደደችኝ» ብላችሁ መጠቆም ካቃታችሁ፣ ምልክት አድርጉበትና ወደሚቀጥለው እለፉ።